ሦስት ጥንቸሎችና የቢሾፍቱ መዥገር፦ የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት መጨረሻ

ሥራው ዝናብ ሳይገባ መጀመር አለበት፤ መዥገር የሚበረታው መሬቱ ሲረጥብ ነው። ግቢያችን ቢሾፍቱ ውስጥ፣ ከጨለለቃ ረግረግ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ከአጥሩ ማዶ ከብት ይነዳል፣ በሩ ፊት የጋሪ ፈረስ ይቆማል፣ ግቢው ውስጥ አንድ ውሻ፣ ጥቂት ዶሮዎችና ሦስት ጥንቸሎች አሉ። ጥንቸሎቹ ሦስቱም ሴቶች ናቸው፤ ዳማ፣ ቡላና ቦራ ይባላሉ። ስም ያወጣችላቸው ልጄ ናት። የፈረስ ስም ለጥንቸል አይከብድም ወይ ብላት «ይችሉታል» አለችኝ። የሰፈሩ ሰው ጥንቸል መያዛችንን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልንበላቸው እንደሆነ ነው። አይደለም ስንለው ይበልጥ ግራ ይገባዋል።

ባለፈው ክረምት ከሦስቱም ጆሮ መዥገር ስንለቅም ነው የከረምነው። ዘንድሮ ከመልቀም በፊት ያለውን ሥራ ለመሥራት ወስኛለሁ።

የምሠራው ሁሉ ከመዥገሩ ጠባይ የሚመነጭ ስለሆነ እሱን በቅድሚያ ላስቀምጥ። መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ከእንቁላል የሚወጣው እጭ ስድስት እግር አለው፤ ደም ጠጥቶ ቆዳውን ሲቀይር ስምንት እግር ያለው ጎረምሳ ይሆናል፤ ጎረምሳው እንደገና ጠጥቶ ይጎለምሳል። ሴቷ ጠግባ መሬት ትወድቅና እንቁላሏን በሺህ ትጥላለች። ከብት ላይ የምናያት ባለ ጌጥ ጀርባዋ አምብሊዮማ እስከ 20 ሺህ ድረስ ልትጥል ትችላለች። አብዛኛው መዥገር ዕድሜውን የሚጨርሰው እንስሳ ላይ ተጣብቆ አይደለም፤ ሣር ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ጥንቸሏ ጆሮ ላይ አንድ ሲገኝ መሬቱ ላይ ስንት እንዳለ መገመት ይቻላል።

ሰኔ መግቢያ

መጀመሪያ ጠላት ያለበትን ቦታ ማወቅ። ዘዴው የቆየና ቀላል ነው፦ ነጭ፣ ሻካራ ጨርቅ በሣሩ ላይ ቀስ አድርጎ መጎተት። መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚያልፈውን እንስሳ ስለሚጠብቅ ጨርቁን እንስሳ መስሎት ይይዘዋል። አቡጀዲ ልሞክር ብዬ ነበር፤ ልስልስ ስለሆነ ብዙ አያስይዝም። ያረጀ ጋቢ ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፦ ነጭ ነው፣ ጥጡ ተነስቷል፣ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። አንዱን ጫፍ ዱላ ላይ ሰፍቼ፣ በሁለት በኩል ገመድ አስሬ ጎተትኩት። ጎረቤታችን እማማ በአጥር አሻግረው አይተውኝ «ልጄ፣ ጋቢ እንዲህ በመሬት ይጎተታል?» አሉኝ። ስለ መዥገሩ ባስረዳቸውም ፊታቸው አልተፈታም።

ጊዜው ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላና ፀሐዩ ሳይከር ቢሆን ጥሩ ነው። የረጠበ ጨርቅ አይዝም። ጥቂት እርምጃ ተሂዶ ቆም ማለት፣ ጨርቁን ገልብጦ በደንብ ማየት፣ የተገኘውን በፕላስተር አንስቶ ማጣበቅ። በእጅ መጨፍለቅ የለም። በአገራችን ከብት ላይ ከሚገኙት መዥገሮች ውስጥ ሂያሎማ የሚባለው ዘር የክሪሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳትን ሊያስተላልፍ የሚችል ነው፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱም መዥገርን በባዶ ጣት ማፍረጥ ነው። ጓንት ርካሽ ነው።

የተገኘው ይህ ነው፦ መሀል ሜዳው ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው አጭር ሣር ውስጥ ምንም የለም። በምዕራብ በኩል፣ ከብቶቹ ተጠግተው የሚያልፉበት አጥር ሥር፣ ሰርዶው ሳይታጨድ የከረመበት ቦታ ላይ ጋቢው የጤፍ ቅንጣት የመሰሉ እጮች ይዞ ተነሳ። ከማገዶ ክምሩ አጠገብም እንዲሁ። ከውሻው ቤት ፊት ለፊት ደግሞ ጨርቁ ምንም ሳይዝ፣ ግድግዳው ላይ ራሱ አንድ ቡናማ መዥገር ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። ይህንን ሁሉ በወረቀት ላይ ሥዬ፣ ቀይ በቀይ አድርጌ ማድቤት በር ላይ ለጠፍኩት።

ሰኔ፣ ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በኋላ

ሣሩን አጨድን፤ አጥር ሥር ያለውን እስከ መሬቱ። እጭ በጣም ቶሎ የሚደርቅ ፍጥረት ነው፤ ሕይወቱን የሚያቆየው በሣሩ ሥር ያለው እርጥበት ነው። ሣሩ ሲያጥርና ፀሐይና ነፋስ ሲገባ በራሱ ያልቃል። የታጨደውን ለጥንቸሎቹ አልሰጠንም፣ ግቢው ውስጥም አልከመርነውም፤ በማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ ወጣ።

የማገዶ ክምሩ ወደ ሌላው ጥግ፣ ጥንቸሎቹ ከሚውሉበት ርቆ ተዛወረ። ክምሩ ራሱ መዥገር አይደለም፤ ሥሩ አይጥ አለ፣ አይጥ ደግሞ እጭ ይመግባል።

በአጥሩ ውስጥ በኩል አንድ ሜትር ስፋት ያለው የቀይ አሽ ንጣፍ አነጠፍን። ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ቀይ አሽ የሚገኘው በጋሪ ዋጋ ነው። ውኃ አያቁርም፣ ሣር ቶሎ አያበቅልም፣ ቀን ላይ ይግላል። ሣር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ መዥገር ይህን ደረቅ ንጣፍ ማቋረጥ ይከብደዋል። ባሕር ማዶ የሚጻፉት ምክሮች ሁሉ ይህንን ዓይነት ንጣፍ ያሞግሱታል፤ እነሱ ግን የሚያወሩት በአብዛኛው የአጋዘን መዥገር ስለሚባለውና ስለ አውሮፓ ዘመዱ ነው። የእኛው ሂያሎማ ሌላ ጠባይ አለው፦ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ እንስሳ ሲመጣ ከተደበቀበት ወጥቶ በእግሩ ይሮጣል። ለእሱ አንድ ሜትር ቀይ አሽ ምንም አይደለም። የሂያሎማ እጭና ጎረምሳ ደግሞ በተፈጥሮ የሚወዱት የዱር ጥንቸልንና መሬት ላይ የሚለቅሙ ወፎችን ነው፤ ለእነሱ የኛዋ ቦራ የተዘጋጀ ማዕድ ናት። ስለዚህ ንጣፉን ሠርቼ አልተኛሁም።

ሰኔ አጋማሽ

የጥንቸሎቹ ጎጆ ሳምንት። ጎጆው የቆመው ከውሻው ቤት ጋር በሚጋራው አሮጌ የጭቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር። ግድግዳው በስንጥቅ የተሞላ ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ከሌሎቹ የሚለየው ሜዳ ስለማይፈልግ ነው፤ ሕይወቱን በሙሉ ውሻው በሚተኛበት ዙሪያ ይፈጽማል፣ ከጠገበ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንቁላል ይጥላል፣ ሳይበላም ለወራት ይቆያል። ውሻ ሲያጣ ጥንቸልም ሰውም አይንቅም።

የተወሰደው እርምጃ፦ ጎጆው ከግድግዳው ተላቆ በግቢው መሀል፣ የጠዋት ፀሐይ በሚመታው ቦታ ቆመ። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ሙሉውን ማስለሰን ኪስ ስለሚጎዳ እስከ አንድ ሰው ቁመት ብቻ። የውሻው አሮጌ ጆንያ ተቃጠለ፣ በምትኩ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ የሚታጠብ ብርድ ልብስ ተሰጠው።

ጎጆው አራት እግር አለው፣ ወለሉም ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እያንዳንዱ እግር የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ቆሟል። ጣሳው ውስጥ ውኃ ቢጨመር ትንኝ ይራባበታል፣ ከተማችን ደግሞ ወባን አታጣም፤ ስለዚህ የተጠበሰበት የምግብ ዘይት ጨመርኩበት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሻላል ያለኝ አናጺው ነበር፤ መርዛማ ስለሆነ ጥንቸል ባለበት አላስጠጋሁትም። ጉንዳንም በዚያው ይቆማል፤ ይህ ያልታሰበ ትርፍ ነው። ጣሪያው በሁሉም በኩል ከእግሮቹ ክንድ ያህል እንዲያልፍ ተደርጓል፣ አለበለዚያ ዝናቡ ዘይቱን አንሳፎ ይደፋዋል።

ወለሉ ላይ ክርክር ነበረ። አናጺው በሙሉ የሽቦ ወንፊት እናድርገው ይላል፤ ለጽዳት ይመቻል፣ ፍግና ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል። ነገር ግን የጥንቸል እግር እንደ ውሻ ወፍራም መዳፍ የለውም፤ ሁልጊዜ ሽቦ ላይ ከዋለች ተረከዟ ይቆስላል፣ ቁስል ደግሞ በክረምት ዝንብ ይጠራል፣ ዝንብም ትል ይጥላል። ግማሹ ሽቦ፣ ግማሹ ድርቆሽ የተነጠፈበት ጣውላ ሆነ። በሩ ላይ ጠንካራ መቀርቀሪያ ተደረገ፤ እሱ ለመዥገር ሳይሆን ለሸለምጥማጥ ነው።

ሰኔ መጨረሻ

ስለ መድኃኒት። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ጥንቸል ከመዥገር ይልቅ በመዥገር መድኃኒት በቀላሉ ይሞታልና።

አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቼ የጥንቸል መዥገር ስል ሻጩ ሳይጠይቅ ሦስት ነገር አወጣልኝ። አንደኛው ዲያዚኖን ነው፤ ገበሬው ከብቱን የሚረጭበት፣ በየቦታው የሚገኝ። ነርቭ ላይ የሚሠራ መርዝ ነው፤ ጥንቸል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ራሷን እየላሰች የምትውል እንስሳ ስለሆነች የተረጨባትን ሁሉ ትውጠዋለች። ማስታወክ ስለማትችልም የገባው አይወጣም። ሁለተኛው ፊፕሮኒል ያለበት የውሻ ጠብታ ነው። ይህ ለውሻ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለጥንቸል ግን የተከለከለ ነው፣ መከልከሉም የራሱ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል። የተቀባች ጥንቸል ምግብ ትተዋለች፣ ትደክማለች፣ ይንቀጠቀጣታል፣ ትሞታለች፤ አንዳንዴ ይህ የሚመጣው ቀናት ቆይቶ ነው። ሻጩ «ትንሽ ብቻ ቀባው» አለኝ። ጽሑፉን አሳየሁት፤ ሳያነበው መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

ሦስተኛው የአይቨርሜክቲን መርፌ ነው። ይህኛው ነገሩ ይለያል፤ ሐኪሞች ለጥንቸል የቆዳና የጆሮ እከክ የሚያዝዙት መድኃኒት ነው። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ጠርሙሱ የተሠራው ለከብት ሲሆን አንድ ሚሊ ሊትሩ 50 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ ነው። በዚያው ስሌት ብንሄድ እንኳ ሁለት ኪሎ ለምትመዝነው ቡላ የሚደርሳት የአንድ ሚሊ ሊትር ሃያ አምስተኛ ነው። ይህንን በቤት ውስጥ፣ በተራ መርፌ፣ በሚወራጭ ጥንቸል ላይ መለካት አይቻልም። በዚያ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጠውን መዥገር በሙሉ ያረግፋል ብሎ መተማመን አይገባም።

ከመድኃኒት ቤት ውጭ ያለውም ምክር ብዙ ነው። ናፍጣ ቀባ፣ ትንባሆ ዘፍዝፈህ እጠብ፣ ወይራ አጭስባቸው። ናፍጣ ቆዳ ይልጣል፤ ትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ራሱ መርዝ ነው፤ ጭስ ደግሞ ለጥንቸል ሳንባ አይሆንም። እማማ እንዶድ አመጡልኝ። እንዶድን አከብራለሁ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፈረንጆች ዘመን፣ ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎቹን የሚገድል መሆኑን ያወቁበት የአገራችን ተክል ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣንና ዓሣን የሚገድለው ያው አረፋው ነው፤ ጥንቸሏ ስትልሰው ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ያስፈልጋል። ደግሞም ጥንቸል በምንም ዓይነት ውኃ አትታጠብም፤ ድንጋጤው ብቻውን ሊገድላት ይችላል፣ ስትራገጥም የገዛ ወገቧን ትሰብራለች። እንዶዱን ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ የተጎተተውን ጋቢ አጠብኩበት። እማማም በዚህ ታረቁኝ።

የወሰንኩት ይህ ነው፦ ጥንቸሎቹ ላይ ምንም አይቀባም። መድኃኒቱን የሚያገኘው ውሻው ነው፤ እሱም በሐኪም በታዘዘለት። መድኃኒቱ በተደረገበት ዕለት ግን በግቢው ሌላ ወገን ታስሮ ይውላል፤ ጥንቸሎቹ ጸጉሩ ላይ ያለውን እርጥብ መድኃኒት ቢልሱት ያው በቀጥታ እንደ መቀባት ይቆጠራልና።

ሐምሌ

በየማታው ፍተሻ። ይህ ከሁሉም የሚያሰለች፣ ከሁሉም የሚጠቅም ሥራ ነው። መዥገር እንደተጣበቀ ወዲያውኑ ብዙ ደም አይጠጣም፤ መጀመሪያ አፉን ይተክላል፣ ቦታውን ያደላድላል፣ ዋናው መጥገብ በመጨረሻ ነው የሚመጣው። በየማታው ከተለቀመ ሳይጠግብ ይያዛል፣ እንቁላልም የሚጥል አይኖርም።

አያያዙ፦ ጥንቸሏን በጀርባዋ አንጋሎ መያዝ የለም። ብዙ ሰው ጸጥ ስትል የተመቻት ይመስለዋል፤ በፍርሃት ደርቃ ነው። ጭኔ ላይ ፎጣ አንጥፌ፣ ወገቧን ደግፌ፣ ዓይኗን በእጄ ከልዬ አስቀምጣታለሁ። ልጄ መብራት ትይዛለች። መጀመሪያ ጆሮ፦ ውጪው፣ ጠርዙ፣ ከዚያም ውስጡ። ጥንቸል ሙቀቷን የምታበርደው በጆሮዋ ስለሆነ ብዙ የደም ሥር አለው፣ ቆዳውም ስስ ነው፤ መዥገርም ይህንን ያውቃል። ቀጥሎ የዓይን ዙሪያ፣ ከአገጭ በታች ያለው የቆዳ እጥፋት፣ ብብት፣ በጣቶች መካከል፣ ከጭራ ሥር። በሌላው ሰውነት ላይ ጸጉሯን በተቃራኒ እየነፋሁ በጣት ጫፍ እዳስሳለሁ። ጡቷን መዥገር ነው ብሎ ለመንቀል የሚነሳ ሰው አለ፤ መጀመሪያ በመብራት ይታይ።

አነቃቀሉ፦ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ ከቆዳው ጋር አጣብቆ አፉ ላይ መያዝ፣ ሳያጣምሙ በቀስታ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ሆዱን መጭመቅ የለም፤ ውስጡ ያለውን ወደ ቁስሉ ያስመልሰዋል። በክብሪት ማቃጠልም፣ ቅቤ መቀባትም ያንኑ ያስከትላል። የተነቀለው አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ጠርሙሱ ላይ ቀኑና የጥንቸሏ ስም ይጻፋል። ጠርሙሱን ማስቀመጥ ጥቅሙ ወደፊት ይታያል።

የድድ ቀለምም እናያለን። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው፤ ጥቂት የጠገቡ ሴት መዥገሮች ከዚህ ላይ ሲቀንሱባት ድዷ ይነጣል፣ ጨዋታ ትተዋለች። ምግብ ከተወች ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ የጥንቸል አንጀት መቆም አይችልም፣ ለአንድ ቀን ባዶ ከዋለ ራሱ አደጋ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ

የማይገጥም ነገር ተፈጠረ። ጋቢው በግቢው ውስጥ ምንም አይዝም። አጥር ሥርም ንጹሕ ነው። ጥንቸሎቹ ግን አሁንም፣ በተለይ ቡላና ቦራ፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥልቅ ብለው የተጣበቁ ትንንሾች ይገኙባቸዋል። ውሻው ላይ የሚገኘው ቡናማው ዓይነት አይመስልም።

ጠርሙሶቹን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከተማችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና የክትባት ማምረቻው ኢንስቲትዩት ያሉባት ስለሆነች መዥገር የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አዩና፣ በእጭና በጎረምሳ ብቻ ዘሩን በእርግጠኝነት መናገር እንደሚያስቸግር ነገሩኝ። «ጆሮ ውስጥ ጠልቆ መገኘቱ ግን አንድ ነገር ያስጠረጥረኛል» አሉ። «ፈረስ ወይም አህያ በአጠገባችሁ ይቆማል?»

የሚጠረጥሩት እግረ ቀዩን መዥገር ነው፤ በመጽሐፍ ስሙ ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ። ስሙ እንደሚለው የጎለመሰው እግሮቹ ቀይ ብርቱካን ናቸው። ይህ መዥገር በዕድሜው ሁለት እንስሳ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፦ እጭና ጎረምሳ ሆኖ በአንዱ እንስሳ ጆሮ ውስጥ ይከርማል፣ ከዚያ ወርዶ ይጎለምስና በሌላው ጭራ ሥር ይጣበቃል። ፈረስን፣ አህያን፣ ከብትን ይወዳል፤ ጎረምሶቹ ደግሞ በዱር ጥንቸል ጆሮ ውስጥ መገኘታቸው የታወቀ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ በራችን ፊት የቆመው የጋሪ ፈረስ ባለቤቱ እስኪመጣ የታሰረለትን ሣር ይበላ ነበር። ጭራውን ከፍ አድርጌ አየሁ። ቀይ እግሮች፣ ተደርድረው።

ነሐሴ

ባለጋሪው ትሑት ልጅ ነው፤ ፈረሱን ማማት ግን አይወድም። «ጋሼ፣ የኔ ፈረስ ግቢ ገብቶ አያውቅም እኮ» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ታዲያ መዥገሩ ከፈረሱ ወደ ጥንቸሎቹ በምን ተሻገረ? ዶሮዎቹን ጠረጠርኩ፤ ከበሩ ውጭ እየወጡ ይለቅማሉ። ወፎቹን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ጥያቄውን ወደ ምግባቸው አዞርኩት።

ጥንቸሎቹ በክረምት የሚበሉት ትኩስ ሣር ከጨለለቃ ዳር ታጭዶ በእስር የሚሸጥ ነው። ቦታው ከብትና ፈረስ የሚሰማራበት ነው። አንዱን እስር ነጭ አንሶላ ላይ አራገፍኩት፤ ለጥቂት ጊዜ ቆይቼ አየሁ። አንሶላው ላይ ያ ትንሽ ነገር መራመድ ጀመረ። ለካ ግቢውን ስናጸዳ መዥገሩ በገዛ ገንዘባችን ተገዝቶ፣ በጎጆው በር በኩል ይገባ ኖሯል። ዘይት ያለበት ጣሳ ምን ያድርግ!

ከዚያ ወዲህ ሥራው በሙሉ ወደ ሣሩ ዞረ። ያደረግነው፦ ከግጦሽ ቦታ የሚመጣ ትኩስ ሣር አቆምን። በዚህ ወር ሣር በፀሐይ አድርቆ ማጽዳት አይታሰብም፤ ፀሐዩ የለም፣ የታመቀ እርጥብ ሣር ደግሞ ይሻግታል፣ የሻገተ ሣር ለጥንቸል መርዝ ነው። በምትኩ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል የሚመጣውን የዓምናውን እስር ድርቆሽ ገዛን። ዋጋው በነሐሴ የሚቀመስ አይደለም። ድርቆሽ ለወራት ደርቆ ከቆየ እጭ አይቋቋመውም፤ እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱን እስር ከጎጆው ርቀን አንሶላ ላይ እናራግፋለን። ለትኩሱ ድርሻ የስኳር ድንች ቅጠልና የካሮት ቅጠል በግቢያችን እየቆረጥን እንሰጣለን። ድርቆሹ ግን ዋናው ነው፤ ጥርሳቸውም አንጀታቸውም የሚጠበቀው በእሱ ነው።

ባለጋሪው ፈረሱን በሐኪም አስረጨ፤ ግማሹን ወጪ እኔ ሸፈንኩ። አሁን ፈረሱ የሚቆመው ከመንገዱ ማዶ ባለው ዛፍ ሥር ነው።

ጳጉሜን

አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ለበዓል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ በየቤቱ ቄጤማና ለምለም ሣር ይጎዘጎዛል፣ ለቡናውም እንዲሁ። በነጋታው ልጆች ጉዝጓዙን ሰብስበው ለጥንቸል መስጠት ይወዳሉ፤ ደግ ሐሳብ ነው። ሣሩ የመጣው ግን ከዚያው ረግረግ ዳር ነው። በዚያ ላይ ሌሊቱን ሰው የረገጠው፣ ቡና የፈሰሰበት፣ ዕጣን የወደቀበት ነው። በኛ ቤት የዘንድሮው ጉዝጓዝ ከወለል ተነስቶ በቀጥታ ወደ ጆንያ ይገባል። ልጄ ለዳማ የተለየ እስር ካሮት እንዲገዛላት በመደራደር ተስማምታለች።

መስከረም መጨረሻ

ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ጆሮ ውስጥ አዲስ ጎረምሳ አልተገኘም። ቡናማው ከውሻው ላይ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ጥንቸሎቹ ላይ ግን የለም።

አንድ ሌላ ነገር ግን መጣ። ቦራ አንገቷ ላይ ከተነቀለ ትልቅ መዥገር ቦታ እብጠት ወጣላት። ይህ ዓይነቱ፣ ባለ ጌጥ ጀርባው አምብሊዮማ፣ አፉ ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ጥልቅ ነው። ውሻ ቢሆን ኖሮ እብጠቱን ሙቅ ውኃ እየያዙ እስኪፈስ መጠበቅ ነው። የጥንቸል መግል ግን አይፈስም፤ ወፍራም ነው፣ ከረጢት ሠርቶ ውስጥ ይቀመጣል። ሐኪሙ ከነከረጢቱ ቆርጠው አወጡት። አንቲባዮቲክ ሲያዝዙም መርጠው ነው፤ በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊንና የፔኒሲሊን ዘመዶቹ የጥንቸልን የአንጀት ባክቴሪያ አዛብተው ይገድሏታል። ከቤት የተረፈ የሰው እንክብል ፈጭቶ መስጠት የለመደ ሰው ይህንን ልብ ይበል። ቦራ በተከፈተው ቁስሏ ላይ ዝንብ እንዳያርፍባት ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ፣ ጭድ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ሰነበተች፤ የሶፋውን ክር እየበላች ተሻላት።

ጥቅምት

ዝናቡ ቆሟል፣ ሣሩ እየነጣ ነው። ጋቢው አጥር ሥር ሲጎተት ባዶውን ይመለሳል። የማታው ፍተሻ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ በየማታው ይደረግ የነበረው በየሁለት ቀኑ ሆኗል። ጣሳዎቹ ውስጥ ያለው ዘይት በአቧራ ስለወፈረ ተቀይሯል። አቧራ የሸፈነው ዘይት ድልድይ ነው፣ በላዩ ተሻግረው ይሄዳሉ።

የቀረው ሥራ ሁለት ነው። ግድግዳው ከሰው ቁመት በላይ ያልተለሰነው ክፍል በዚህ በጋ ያልቃል፤ ቡናማው መዥገር ወደ ላይ ስለሚወጣ እስከ ጣሪያው ካልተደፈነ ሥራው ጎዶሎ ነው። ሌላው ድርቆሽ ነው። የዘንድሮው ታጭዶ አሁን ገበያ እየገባ ስለሆነ ዋጋው ከነሐሴው በጣም ይሻላል፤ እስከሚቀጥለው መስከረም የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ልገዛ ነው። መሬት ላይ ከተቀመጠ እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ይገባበታል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ያስፈልገዋል፣ በላዩም ቆርቆሮ። አናጺው ቅዳሜ ይመጣል፤ እግሮቹ ጣሳ ውስጥ እንዲቆሙ ካሁኑ ነግሬዋለሁ።